የአዳር ካርታ

በሥልጠናው የመጀመሪያ ቀን፣ ገና ቀትር ሳይሆን፣ ሰባት የመተማ ጤና ኬላዎች ባሕር ውስጥ ገቡ።

የገቡት እርግጥ ኮምፒውተር ላይ ነው። ከጎንደር የመጣችው አሠልጣኝ ሮዳስ፣ ኪው ጂ አይ ኤስ የሚሉትን የካርታ ሶፍትዌር በስድስት ላፕቶፖች ላይ ጭና፣ የእያንዳንዱን ቦታ ሁለት ቁጥር ኤክሴል ላይ እንዲጽፉ ነግራቸው ነበር፤ አንዱ ቁጥር ቦታው ወደ ምሥራቅ ምን ያህል እንደሆነ፣ ሌላው ወደ ሰሜን ምን ያህል እንደሆነ የሚናገር ነው። ከዚያ በኋላ ሶፍትዌሩ ራሱ ቦታውን ፈልጎ ነጥብ ያስቀምጣል። እፀገነት ከሁሉም ቀድማ ጨረሰች። በጤና ጣቢያው «ኮምፒውተር የምታውቀው» እየተባለች ስምንት ዓመት ኖራለችና ፈጠነች። አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች እንዲሉ፣ የአንዱን ቁጥር በሌላው ቦታ ጻፈችው። ነጥቦቹ መተማን ትተው፣ ሱዳንን ተሻግረው፣ ሊቢያንም አልፈው፣ ከጣሊያን ደሴቶች አጠገብ ሰማያዊው ውኃ ላይ ተደረደሩ።

ሮዳስ ሳቀች። ጤና ኬላዎቻችሁ ጣሊያን ሊገቡ ትንሽ ነው የቀራቸው አለች። አብሯት የሳቀ አልነበረም። መተማ ላይ ያ ባሕር የሩቅ ነገር አይደለም፤ በገላባት ወጥቶ፣ ካርቱምን አልፎ፣ እዚያ ውኃ ዳር ስልኩ የጠፋ ሰው የሌለው ቤት ጥቂት ነው። ከስድስቱ ሠልጣኞች ሦስቱ ስክሪኑን ትተው ወለሉን አዩ። እፀገነት ቁጥሮቹን አቀያይራ ነጥቦቹ ወደ መተማ ሲመለሱ፣ አዋላጇ አገኘሽ ብቻ፣ ሰውም እንዲህ ቢመለስ ምን ነበረበት አለች። ለራሷ ነው የተናገረችው።

እፀገነት ምንም አልተሰማትም። የእሷ ሰው ባሕር አልገባም፤ የተቀበረበት የታወቀ ነው፣ መስቀሉም ቆሟል። ካለፈው ዓመት ጥር ወዲህ እንዲህ ሆናለች። ትበላለች፣ ትሠራለች፣ ሌሎች ሲስቁ ፈገግ ትላለች። ውስጧ ግን ተኝተውበት እንደደነዘዘ ክንድ ነው፤ ሲነኩት የሌላ ሰው ይመስላል። ሰዎች በርትታለች ይሉ ነበር። እሷም ይበሉ ብላ ትታቸዋለች።

ጤና ጣቢያው ከመተማ ዮሐንስ ወጣ ብሎ፣ ወደ እርሻዎቹ የሚወስደው መንገድ ዳር ነው። እፀገነት የመዝገብ ሠራተኛ ናት። የቀን ሠራተኞቹ ግን ነርሱንም፣ አዋላጇንም፣ ካርድ አውጪዋንም «ሲስተር» ነው የሚሏቸው፤ እሷም ከለመደችው ቆይታለች። በየዓመቱ ክረምት ሲገባ ለአረም፣ መስከረም ሲጠባ ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ በአይሱዙ እየተጫኑ የሚወርዱት ወጣቶች በእሷ መስኮት በኩል ያልፋሉ። ወባ ይይዛቸዋል፣ እባብ ይነድፋቸዋል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ካላዛር ነው። ዋልካው መሬት በበጋ ሲሰነጣጠቅ፣ ከንቃቃቱ ውስጥና ከግራር ሥር ከትንኝ የምታንስ የአሸዋ ዝንብ ትኖራለች። ስትበር ድምፅ የላትም። ሜዳ ላይ የተኛን ሰው ትነድፋለች፣ እሱም ሳያውቅ ሥራውን ይቀጥላል፤ ወራት ቆይቶ ያተኩሰዋል፣ ሥጋው ያልቃል፣ ጣፊያው አብጦ ሆዱ ይነፋል። መድኃኒቱ በየቀኑ የሚወጋ የአሥራ ሰባት ቀን መርፌ ነው። ቀድሞ የመጣ ይድናል፣ የዘገየ አንዳንዴ አይደርስም።

ሥልጠናውም የመጣው በዚሁ ምክንያት ነው። አንድ ድርጅት መድኃኒት የተነከረ ሦስት ሺህ አጎበር ለመስጠት ቃል ገብቷል፤ ታዲያ አጎበሩ የሚሄደው ካርታው ላይ ነጥብ ወደበዛበት ቦታ ነው። ወሩ ግንቦት ነው። ሰኔ ከገባ ዝናቡ ዋልካውን ጭቃ ያደርገዋል፣ ከትራክተር በቀር የሚያልፍ የለም። ስለዚህ ካርታው ዓርብ መላክ አለበት። ዓርብ ካልተላከ፣ ወይም ተልኮ ከተሳሳተ፣ የዘንድሮዎቹ አራሚዎች እንደ አምናዎቹ ሜዳ ላይ ባዶአቸውን ሊተኙ ነው።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ብላ ሮዳስ ሰኞን ሙሉ በነጥብና በመስመር አለማመደቻቸው። ማክሰኞ ጠዋት ወደ ዋናው ሥራ ገቡ። እፀገነት የሁለት ዓመቱን የካላዛር ሕሙማን ከአረንጓዴው መዝገብ ወደ ኤክሴል ገለበጠች፤ ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው። ስም፣ ዕድሜ፣ ስልክ፣ አድራሻ። ሰማንያ ስምንተኛው ላይ ስትደርስ ባንተአምላክ፣ ሃያ ሁለት፣ ስማዳ ብላ ጻፈች፣ ወደ ሰማንያ ዘጠነኛው አለፈች። ባንተአምላክ ታናሽ ወንድሟ ነው። ጣቷ አልቆመም፣ ዓይኗም እንባ አላቀረረም፣ እሷም ይህን አስተዋለች። ድንጋይ ሆና እንዳይመስላችሁ። ሰው አንዳንዴ የራሱ ነገር የሚርቀው ሲቀርበው ነው።

ባንተአምላክ ካቻምና ሰኔ ላይ ነበር ከስማዳ የወረደው። አይሱዙ ላይ ሆኖ አቧራ ለብሶ፣ ጆንያውን በትከሻው አንግቶ ከደጃፏ ቆመ። እሷ የምትኖረው በተከራየቻት አንዲት ክፍል ነው፣ አከራይዋ ወይዘሮ ውቢት ደግሞ ወንድ እንዳታሳድሪ ብለዋታል። ወንድሜ ነው ብትላቸው ምናልባት እሺ ይሉ ነበር፤ አልጠየቀቻቸውም። ደክሟት ነበር፣ ክፍሏ ጠባብ ናት፣ ወንድሟም ጠንካራ ልጅ ነው። ዳቦና ሻይ አቀረበችለት፣ ቤቴ ጠባብ ነው እንግዲህ፣ ታውቃለህ፣ መኪናዎቹ ጠዋት ወደ እርሻ ይሄዳሉ አለችው። እሱም ችግር የለም፣ ከጓደኞቼ ጋር ነኝ አላት። በሦስተኛው ቀን ደውሎ እርሻ ገብቻለሁ፣ ሁሉ ደኅና ነው አለ። ታኅሣሥ ላይ ሆዱ ተነፍቶ መስኮቷ ላይ ሲቆም መዝገቡን ራሷ ሞላችለት። መርፌው በተጀመረ በዘጠነኛው ቀን ሞተ።

ማክሰኞ ከሰዓት ሮዳስ የመዝገቡን አድራሻ ከቀበሌዎች ዝርዝር ጋር አገናኝታ ቁልፉን ስትጫነው፣ ሁለት መቶ አሥራ አራት ቀይ ነጥቦች ካርታው ላይ በአንዴ ፈሰሱ። አመጣጣቸው ያምር ነበር። ስማዳ ላይ ክምር፣ በለሳ ላይ ክምር፣ ጃናሞራ ላይ ክምር። ሮዳስ ደስ አላት፣ በሽታው የተከማቸበት በግልጽ ይታያል አለች። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ጋሽ አለነም ገብተው አዩ፣ መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አድርገው አጨበጨቡ። ሠልጣኞቹም አጨበጨቡ። በክፍሉ ውስጥ ካላዛር የቆላ በሽታ መሆኑን የማያውቅ አንድም ሰው አልነበረም፤ ግን ኮምፒውተር የሳለውን ማን ይጠይቃል? እፀገነትም አብራ አጨበጨበች።

የጠየቁት ውኃ ይዘው የገቡት ጥበቃው ሙሐመድጣሂር ናቸው። በወጣትነታቸው ሃያ ዓመት ትራክተር የነዱ፣ የአብደራፊንም የአብርሃ ጅራንም እርሻ እንደ እጃቸው መዳፍ የሚያውቁ ሽማግሌ ናቸው። ጀሪካኑን አስቀምጠው ስክሪኑን ቆመው ተመለከቱ። ቀዩ ነገር ምንድን ነው አሉ። ካላዛር የያዛቸው ሰዎች ናቸው ተባሉ። በእርሻዎቹ መካከል የሚያልፈው ጓንግ ወንዝ የትኛው ነው አሉ። ሮዳስ አሳየቻቸው፤ በወንዙ ዳርና ዳር አንድም ነጥብ አልነበረም።

«ታዲያ ዝንቧ ደጋ ወጣች እንዴ፣ ቢንቲ?» አሏት እፀገነትን። ቢንቲ በዐረብኛው ልጄ ማለታቸው ነው፤ ከድንበር የመጣ አፍ ነው፣ ሁሉንም ሴት እንዲሁ ነው የሚሉት።

እፀገነት ካርታውን እያየች ስምንት ዓመት ከመስኮቷ ጀርባ ስትል የኖረችውን አንድ ጥያቄ ሰማችው። መዝገቡ አድራሻ ይላል። አድራሻህ የት ነው ቢሉት የቀን ሠራተኛ ግራ ይገባዋል፤ የቤት ቁጥር የለው፣ ቀበሌ የለው። ስለዚህ እሷ የምትጠይቀው አገርህ የት ነው ብላ ነበር። አገር ሲሉት ደግሞ እትብቱ የተቀበረበትን የማይናገር ሰው የለም። ቆላ ይወረዳል፣ ይሠራበታል፣ ይታመምበታል፤ መተማ አገሬ ነው የሚል አራሚ ግን ተፈልጎ አይገኝም። ሁሉም አንገቱን ቀና አድርጎ ስማዳ፣ በለሳ፣ ጃናሞራ ይላል። እሷም ትጽፋለች። እንግዲህ አጎበሩ የሚሄደው ሕሙማኑ ወደተወለዱበት፣ እናቶቻቸው ወደሚኖሩበት ደጋ ነው። ዝንቧ ያለችው እዚህ።

ሮዳስ ፊቷ ቀላ። ጋሽ አለነ ግን በጎ ሰው ናቸው፣ ማንንም አልወቀሱም። በሁለት ቀን ይስተካከል እንደሆነ ብቻ ጠየቁ። እፀገነት እደውልላቸዋለሁ አለች። ለሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው? አሏት። ስልክ ላለው ሁሉ አለች። ደፋርነት አልነበረም፤ ሌላ የምትሠራው ስላልታያት ነው።

ጥያቄውን መጀመሪያ ሮዳስ ጻፈችው፤ «ለበሽታው የተጋለጡበት ቦታ የት ነው?» የሚል ነበር። በዚህ ጥያቄ አምስት ሰው ጋ ተደወለ። አንዱ ይቅርታ ጠየቀ፣ ሁለቱ ስልኩን ዘጉት። እፀገነት ወረቀቱን አየችው፣ ከዚያም ኤክሴሉ ላይ በአድራሻ ፈንታ «አገር» የሚል ርዕስ ራሷ የሰጠችውን ዓምድ አየችው። ከመካከሉ አንድ ፊደል አወጣች፣ «ገ»ን ሰርዛ «ዳ»ን ተካች። አዳር ሆነ። ከዚያ በኋላ ያነሱትን ሁሉ፣ ሳትታመም በፊት አዳርህ የት ነበር ብላ ጠየቀቻቸው። ይህን የማይመልስ አልተገኘም። ሰው የተነደፈበትን አያውቅም፤ ያደረበትን ግን ያውቃል።

ረቡዕን ሙሉ ደወለች። ኔትወርኩ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ሙቀቱ የላፕቶፑን ሆድ ያተኩሰዋል። ስልኩ የተዘጋ ነበር፣ እናት አንስታ ልጄ ሞቷል ያለችም ነበረች፣ ከሱዳን ወዲያ ያለም ነበር። ያነሱት ግን አብረዋቸው የተኙትንም በስም ይነግሯት ስለነበር፣ አንዱ ስልክ ለአምስት ሰው ይሆን ነበር። መልሳቸው ካርታ ላይ የማይገኝ ነው። ከሁለቱ ግራር መካከል፣ ከተሰበረው ቦቴ አጠገብ፣ ትራክተሩ ከሚዞርበት ጥግ። ይህንን ወደ ቁጥር የቀየሩላት ሙሐመድጣሂር ናቸው። ሮዳስ ከሰማይ የተነሳውን የመሬቱን ፎቶ ከነጥቦቹ ሥር አነጠፈችላቸው፣ ወንበር አቀረበችላቸው። ጥቂት አጎንብሰው አዩት፣ ከዚያ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አስቀመጡ። መሬቱን እንደዚህ ከላይ አይተውት አያውቁም፤ ግን የእርሻውን ፈር ከአካሄዱ፣ ጥጉን ከአዟዟሩ ለዩት። ይኼን ያረስኩት እኔ ነኝ፣ ይህች ጠማማዋ መስመር የእኔ ናት፣ ማረሻው ተሰብሮብኝ ነው አሉ። ፎቶው የአምና ነው፣ እሳቸው ማረስ ከተዉ አሥራ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ከሳቸው በኋላ የመጡትም ጠማማዋን ተከትለው ነው የሚያርሱት።

እስከ ረቡዕ ማታ ስልሳ ነጥብ ከደጋ ወረደ። አብዛኞቹ በጓንግ ዳርቻ ሰፈሩ። ጋሽ አለነ እያዩ ይኼማ ካርታ ነው አሉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው አለች እፀገነት፤ ሜዳ ላይ ተኝተው ለታመሙት ምን ይረዳቸዋል ማለቷ ነው። ለሚመጡት አሏት።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ ከመዝገቡ መቶ ሠላሳ ሰባተኛው ላይ ደረሰች። ስሙ ዋሴ ነው፣ ታክሞ የዳነ፣ አሁን አብደራፊ የሚሠራ። በሁለተኛው ጥሪ አነሳ። ከበስተጀርባው ትራክተር ይሰማል። ሰላምታውን አድርሳ ጥያቄዋን ጠየቀች።

«ከእናንተው ዘንድ ነዋ፣ ሲስተር» አላት።

«ከእኛ ዘንድ የት?»

«ከጤና ጣቢያው አጥር ሥር፣ ከግራሮቹ። ካቻምና ሰኔ ዝናቡ መንገዱን ቆርጦት፣ እርሻ የሚያስገባን ትራክተር እስኪመጣ አሥራ ዘጠኝ ቀን እዚያው ነው ያደርን። አንድ ሠላሳ እንሆናለን።»

እፀገነት ጻፈች። በመስኮቷ በኩል ግራሮቹ ይታያሉ፤ ከወንበሯ እስከ አጥሩ ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው። በየዓመቱ ሰኔ ላይ ጠዋት ስትገባ ከአጥሩ ወዲያ ላስቲክና ጆንያ የተከናነቡ ሰዎች ተኝተው ታያለች። ሰዎች እንደሆኑ ታውቃለች፣ ፊታቸውን ግን አይታ አታውቅም። አብረውህ የነበሩትን ስም ታስታውሳለህ ወይ አለችው።

ዋሴ ስም ይቆጥር ጀመር። ዘጠኝ ስም ከተናገረ በኋላ፣ «ባንተአምላክ የሚሉትም ነበር፣ የስማዳ ልጅ» አለ። «እህቴ እዚህ ቤት ነው የምትሠራ ይል ነበር። ምነው ታዲያ አትሄድም ስንለው፣ ቤቷ ጠባብ ነው፣ እዚህ ማደሬን ካየች ታዝናለች ይለናል። ማለዳ እሷ ልትገባ ስትል ጆንያውን ይከናነባል። ከገባች በኋላ ተነስቶ፣ ደኅና ናት፣ ዛሬ ሰማያዊ ነው የለበሰች ምናምን ይለን ነበር። እንስቅበታለን እኛ።»

በስልኩ ውስጥ ትራክተሩ ይጮኻል።

«ሲስተር፣ አለሽ? ያ ልጅ እንዴት ሆነ?»

«ሞተ» አለችው። እህቱ ነኝ አላለችም።

ዋሴ ነፍስ ይማር አለ። እሷም አመሰገነችው፣ ስልኩን አስቀመጠችው፣ የነገራትን ዘጠኝ ስም ከመዝገቡ ፈልጋ አንድ በአንድ አገኘቻቸው። ሁሉም ታመው መስኮቷ ላይ የቆሙ ነበሩ። ከዚያ ሰማንያ ስምንተኛውን ከፈተች። ስማዳን ሰረዘችው፣ ከግራሮቹ ሥር ሄዳ የቦታውን ሁለት ቁጥር በስልኳ ወሰደች፣ ተመልሳ ጻፈችው። ነጥቡ ከእናታቸው ደጅ ተነስቶ ከመስኮቷ ሥር መጣ። አላለቀሰችም። ሰማያዊው ሹራብ አሁንም እንዳላት ብቻ አሰበች፤ ዛሬም የለበሰችው እሱን ነበር።

እስከ ዓርብ እኩለ ቀን መቶ ስልሳ ሁለት ሰው አዳሩ ታወቀ። በጓንግ ዳር ሰፋፊ ክምሮች ነበሩ፣ ከሁሉ የጠበበውና የጠቆረው ክምር ግን ከጤና ጣቢያው አጥር ሥር ያለው ነው። ሠላሳ አንድ ነጥብ፤ አንዱ በሌላው ላይ ተነባብሮ ቁስል ይመስላል። ጋሽ አለነ ይህን ሲያዩ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ሮዳስንና እፀገነትን ብቻ አስቀርተው በሩን ዘጉት።

ሰውየው ክፉ አልነበሩም፤ ፈርተው ነበር። ከሕክምና ደጃፍ ሠላሳ አንድ ሰው ታመመ ተብሎ ይላካል ወይ አሉ። ሰው ምን ይለናል፣ የሚጠይቅ ቢመጣ ምን እንመልሳለን፣ ይህን መሥሪያ ቤት ስንት ዘመን ደክሜበታለሁ አሉ። ነጥቦቹ አይጥፉ፤ ትንሽ ወደ ወንዙ ገፋ ይደረጉ። ወንዙ ዳር አጎበር መሄዱ እንደሆነ አይቀርም፣ ማን ይጎዳል? ነጥብ እንዴት እንደሚገፋ ሰኞ ዕለት ያስተማረቻቸው ሮዳስ ናት፤ ሁለት ቁልፍ ነው።

እፀገነት ማውሱን ይዛ ሠላሳ አንዱን ከበበቻቸው። በዚያ ሶፍትዌር የተመረጠ ነጥብ ቢጫ ይሆናል፤ ሁሉም ቢጫ ሆኑ። መግፋት ብቻ ነበር የቀራት። ከስምንት ዓመት ሥራዋ አንድም ቀን ጋሽ አለነን እምቢ ብላቸው አታውቅም። ጋሽ አለነም ይህን ስለሚያውቁ ወደ መስኮቱ ዞረው ነበር። ጣቷ ማውሱ ላይ እንዳለ የሆነ ነገር ከደረቷ ሥር ወጋት። የደነዘዘ ክንድ ደም ሲመለስበት መጀመሪያ የሚሰማው መውጋት ነውና፣ አወቀችው፣ ፈራችውም። እጇን አነሳች።

«ጋሽ አለነ፣ ከእነዚህ አንዱ ወንድሜ ነው» አለች።

ዞረው አዩዋት።

«ቤቴ ጠባብ ነው ብዬ መለስኩት፤ እሱም እዚህ መጥቶ ተኛ፣ እኔ እንዳላይ ተከናንቦ። በየጠዋቱ አልፌዋለሁ። ትናንት ነው ከስማዳ ያመጣሁት። ዛሬ ደግሞ ካርታ ጠበበ ብዬ ልመልሰው?» ድምጿ ዝግ ያለ ነበር፣ መጨረሻው ላይ ብቻ ተሰበረ። «እዚህ ነው ያደረው። እዚሁ ይደር።»

ጋሽ አለነ መነጽራቸውን አወለቁ። ሊጠርጉት መስሎ ነበር፣ ግን ዝም ብለው በእጃቸው ያዙት። የባንተአምላክ ለቅሶ ላይ ድንኳን የተከሉ፣ ሦስት ቀን የተቀመጡ ሰው ናቸው። ከየት እንደታመመ ጠይቀው አያውቁም፤ ማንም ጠይቆ አያውቅም። እንዳለ ላኪው አሏት፣ ስሜን ከሥሩ ጻፊበት። አሥር ሰዓት ላይ ተላከ። እፀገነት ላፕቶፑን ዘግታ ወደ ቤቷ ሄደች፣ ክፍሏ ገብታ ከአልጋው እስከ ግድግዳው ያለውን ባዶ ቦታ በእግሯ ለካችው። አንድ ሰው በደንብ ያስተኛል። ያኔ አለቀሰች፤ ወይዘሮ ውቢት ምን ሆነሽ ነው ብለው እስኪመጡ ድረስ።

አጎበሩ ሰኔ ስድስት ቀን በመጨረሻው መኪና ገባ። አብዛኛው ወደ ጓንግ ሄደ፣ ስልሳው ግን እዚያው ቀረ። ሙሐመድጣሂር ከግራር ግራር ገመድ ወጥረው ራሳቸው ሰቀሉት። በማግስቱ ዝናቡ መንገዱን ቆረጠ፣ ከደጋ የወረዱትም እንደ ልማዳቸው ትራክተር እየጠበቁ ከአጥሩ ሥር ሰፈሩ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት እፀገነት ወደ ሥራ ስትመጣ ከበሩ አልገባችም። አጥሩን ዞራ ሄደች። ወጣቶቹ ገና እየተነሱ ነበር፤ ከነጭ አጎበር ሥር ፀጉራቸው የተንጨባረረ፣ ዓይናቸው ያበጠ፣ አንዱ ጫማውን የሚፈልግ። አንድ በአንድ ፊታቸውን አየች፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ማንንም ሳትዘል። ሲስተር መጣች ብለው ጆንያቸውን ሰብሰብ አደረጉ፤ ልታስነሳቸው የመጣች መስሏቸው ነበር።

«እንዴት አደራችሁ?» አለቻቸው።

ስምንት ዓመት በዚያ ስታልፍ ይህን ቃል ለእነሱ ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር።